ከጭሮ እስከ መሰላ ምንጭ፦ እንግዳ ሳዳምጥ ያለፈው ዘመኔ

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ጎረቤቴ ነፊሳ መጥታ በራፌ ላይ ተቀመጠችና፣ "ሰዓዳ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን ቢሮ ስትመላለሺ ሥራሽ ግን ምን ነበር?" አለችኝ።

"እንግዳ ማነጋገር" አልኳት።

"እሱንማ እኔም እዚሁ ደጄ ላይ ሳነጋግር ነው የምውለው። ደመወዝ እንዳለው ማን ነግሮኝ!" ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

እኔም አብሬያት ሳቅኩ። ከሄደች በኋላ ግን ጥያቄው አብሮኝ ቀረ። ሥራዬ ወደ ምዕራብ ሐረርጌ የሚመጣ ጎብኚ ምን እንዳየ፣ ምን እንደተሰማው፣ ምን ትዝታ ይዞ እንደሄደ ማጥናት ነበር። የተማሩት "ዓይነታዊ ጥናት" ይሉታል፤ ቁጥር ከመደመር ይልቅ የሰውን ቃል ሰምቶ ትርጉሙን መፈለግ ማለት ነው። ነፊሳ እንዳለችው ሰው ማነጋገር ነው። ማነጋገሩን መማር ግን ዕድሜዬን ፈጀ፤ አልሐምዱሊላህ፣ በከንቱ አልሄደም።

የመጀመሪያ ምድቤ ቦርደዴ ነበር። ጭሮ ተወልዶ የደጋ ነፋስ ለለመደ ሰው የቦርደዴ ሙቀት ቀላል አይደለም። ከመንገዱ ዳር ካለች ግራር ሥር ቆሜ የሚቆመውን መኪና ሁሉ መጠይቅ አስሞላለሁ፦ መስተንግዶው በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ መካከለኛ ወይስ ዝቅተኛ? ሾፌሩ ጥሩምባውን እያስጮኸ ተሳፋሪው ሁሉ "በጣም ጥሩ" የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ይሄዳል። አንድ ጊዜ አንድ ጎልማሳ ሁሉንም "በጣም ጥሩ" ካለ በኋላ ወረቀቱን እየመለሰልኝ፣ "እህቴ፣ ይኼ አገር ግን ማን ይባላል?" ብሎ ጠየቀኝ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፣ ውሎ አበሉም ዘግይቶ ነበር የሚመጣው። ስለ እሱ ይኼን ያህል ይበቃል።

ወደ ጭሮ ከተዛወርኩ በኋላ ነው ጋሽ ገረመውን ያወቅኩት። ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ኖሮ በየአገሩ እየዞረ ባለሙያ የሚያሠለጥን፣ ቁመቱ ከበር የሚበልጥ፣ ድምፁ ግን ዝቅ ያለ ሰው ነበር። ሊያሠለጥነን ሲመጣ የሰበሰብኩትን መጠይቅ ሁሉ አቀረብኩለት። አንድ በአንድ አገላብጦ አየና መነጽሩን አወለቀ።

"ሁሉም ተደስቷል" አለ።

"አዎ፣ ጋሼ" አልኩ ኮራ ብዬ።

"ታዲያ ለምን አይመለሱም?"

መልሴን ግን አልጠበቀም። "ተነሽ፣ ምሳ እንብላ" ብሎ አውቶቡሶች ለምሳ ወደሚያርፉበት አንድ ሆቴል ግቢ ይዞኝ ሄደ።

እዚያ ሐረርን ለማየት ከባሏ ጋር ከአዲስ አበባ የመጣች አስተማሪ አገኘን። ባሏ እጁን ሊታጠብ ሄዷል። ጋሽ ገረመው ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚጠይቅ ነግሯት ፈቃዷን ከጠየቀ በኋላ ዝቅ ያለች በርጩማ ፈልጎ ተቀመጠ። ያ ረጅም ሰውዬ ሁልጊዜ ከሚያናግረው ሰው ዝቅ ብሎ ነበር የሚቀመጠው። ከዚያም፣ "ዛሬ ጠዋት ከቤት ከወጡ ጀምሮ ያለውን እስቲ ይንገሩኝ" አላት።

"ኧረ ሁሉ ጥሩ ነው። አገሩም ያምራል" አለች።

ጋሽ ገረመው መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ መጥረግ ጀመረ። እኔ ጭንቅ ብሎኝ ሌላ ጥያቄ ልጨምር ስል በዓይኑ ከለከለኝ። ሴትየዋ ወዲያና ወዲህ አየች።

"እውነቱን ልንገርዎት?" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ከመኪናው ስወርድ ሆዴን አሞኝ ነበር። መጸዳጃ የት እንደሆነ ማንን ልጠይቅ? ሁሉም ወንድ፣ ሁሉም ይጮኻል። ለባሌ እንኳ አልነገርኩትም። ይኼኔ አንዲት ጫት የምትሸጥ ሴት ፊቴን አየችና ሳልጠይቃት እጄን ይዛ ቤቷ ወሰደችኝ። ውኃ ሰጠችኝ። እስክወጣም በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።" ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ሐረርን ገና አላየሁም። እስካሁን ካየሁት ግን ትልቁ እሷ ናት።"

ተናግራ ስትጨርስ እንደገና ፈቃድ ጠየቃት፦ "ይኼን ይነግሩኛል ብለው አልተነሱም ነበር። አሁንም ልጽፈው ይፈቅዱልኛል?" ልማዱ ይኼ ነበር። መጀመሪያ ፈቃድ ሲሰጥ ሰው የሚናገረውን አያውቅም፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜ መጠየቅ አለበት ይል ነበር። እኔም እስከ ጡረታዬ ሁለት ጊዜ ጠየቅኩ።

ስንመለስ መንገድ ላይ ባጃጅ ሁለታችንንም በጭቃ ረጭቶን አለፈ። እሱ ግን ግድ አልሰጠውም። "በአገራችን እንግዳ ባለቤቱ ፊት 'ከፍቶኛል' አይልም" አለኝ። "'ደስ አለዎት ወይ?' ብለሽ ስትጠይቂው መልሱን በአፉ አጎረስሽው ማለት ነው። የሆነውን እንዲነግርሽ ጠይቂው። ከዚያ አፍሽን ዝጊ።"

አፍ መዝጋት ቀላል መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ከምግብ ቤቱ፣ ከመናኸሪያው፣ ከሰው ግቢ በድምፅ መቅረጫ የቀረጽኩትን የሚሰማው ጋሽ ገረመው፣ "እዚህ ጋ ሰውየው ሊናገር ነበር፤ አንቺ ቀደምሽው" እያለ ያርመኛል። የተቀረጸውን በዚያው ዕለት፣ ሳቁና ሳሉ ሳይቀር፣ ቃል በቃል እጽፋለሁ። ከዚያ ጽሑፉን በየሐሳቡ ቆራርጠን ወለል ላይ እንዘረጋዋለን። ጫት ተራ ያሉ ሴቶች ቅጠሉን በየዓይነቱ ለይተው እንደሚያስሩት እኛም የሚመሳሰለውን ቃል አንድ ላይ እንከምራለን፦ ፍርሃት እዚህ፣ የማያውቁት ሰው ያደረገላቸው ደግነት እዚያ፣ ሀፍረት ከግድግዳው ሥር። ክምሩ አምሮልን "ገባን" ስንል ደግሞ፣ "አሁን ይኼን የሚያፈርስ ሰው ፈልጊ" ይለኛል። ሁሉም ከሚለው የተለየ የተናገረውን ሰው መፈለግ ማለቱ ነው። ያን ጊዜ ያናድደኝ ነበር።

እንግዳን በፎቶግራፉ ማናገርንም ከእሱ ነው የተማርኩት። አንድ ጊዜ ለሥራ ወደ ቦርደዴ ተመልሼ ሳለሁ ከድሬዳዋ የመጡ ሙሽሮች አገኘሁ። "ከስልካችሁ ውስጥ ለማንም የማታሳዩትን ግን የማታጠፉትን ፎቶ አሳዩኝ" አልኳቸው። ተያይተው ሳቁ። ያሳዩኝ የተበላሸች መኪናቸውን ነው። ከአጠገቧ አንድ የማያውቁት ሽማግሌ የግመል ወተት በእጁ ይዞ ቆሟል። "መኪናችን የተበላሸ ቀን ነው የተጋባን የሚመስለን" አለችኝ ሙሽሪት። "ሽማግሌው መርቆናል።" በየመንገዱ ተራራና ዋሻ የሚያሳይ ሰሌዳ ስንተክል ኖረን ሰው ይዞ የሚሄደው እንዲህ ያለውን ነበር።

የቢሮ ኃላፊያችን ኦቦ አብዲ ይኼን ሁሉ ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል። ደግ ሰው ነበር፣ ግን በቁጥር የሚያምን። "ሰዓዳ፣ ተረቱ ጥሩ ነው፤ ስንቱ ነው እንዲህ ያለው? ለበላይ የማቀርበው እሱን ነው" ይለኛል። ሆኖም አንድም ቀን ሥራዬን አልከለከለኝም። መኪና ሲኖር መኪና ሰጥቶኛል፣ መኪና ሲጠፋ በራሱ ሞተር ብስክሌት ልኮኛል።

አሁን ወደ መሰላው ነገር ልምጣ።

ከመሰላ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከትልቅ የኦዳ ዛፍ ሥር የሚፈልቅ ምንጭ አለ፤ የአካባቢው ሰው "ቡርቃ" ይለዋል። ወደ አካባቢው የሚመጡ ጎብኚዎች ተራራውን ለማየት ነበር የሚመጡት። ሳናግራቸው ግን ወሬያቸው ሁሉ ምንጩ ጋ ያርፋል፦ ጠዋት ጠዋት ውኃ ስለሚቀዱት ሴቶች፣ ስለ ሳቃቸው፣ ስለ ዘፈናቸው። ከክምሩ ሁሉ የምንጩ ክምር በለጠ። የሚቃረን ጎብኚ ፈለግኩ፣ አላገኘሁም። ጥናቱን ጻፍኩት፤ ጋሽ ገረመውም አንብቦ አጸደቀው። ኦቦ አብዲ እንደዚያ ቀን ተደስቶ አያውቅም። ወደ ምንጩ የሚወስደው መንገድ ተጠረገ፣ ጎብኚም በጠዋት በሚኒባስ ይወርድ ጀመር። በስብሰባ ላይ ተጨበጨበልኝ።

ከወራት በኋላ ጎብኚዎቹን ላነጋግር ስሄድ ምንጩ ዳር አንዲትም ሴት የለችም። ካሜራ በአንገታቸው ያንጠለጠሉ ሰዎች ባዶውን ውኃ ከበው ቆመዋል። አንዱ፣ "ሴቶቹ የታሉ? ሴቶች አሉ ተብለን ነው የመጣነው" አለኝ፤ ዕቃ የጎደለበት ገበያተኛ ይመስል።

ሴቶቹ ከታች ገደሉ ውስጥ ነበሩ። ካሜራውን ሽሽት ቁልቁል ወርደው ከወንዙ እየቀዱ፣ ያን ዳገት ጀሪካን ተሸክመው ይወጣሉ። አዴ ፋጡማ የሚባሉ እናት ድንጋዩ አዳልጧቸው ወድቀው ጭናቸው ተሰብሯል።

ቤታቸው ሄድኩ። መደብ ላይ ተኝተዋል። "ኬሱማ ነሽ፣ ተቀመጪ" አሉኝ፤ እንግዳ ነሽ ማለታቸው ነው። ምራታቸውን ጠርተው ወተት አስቀዱልኝ። ያን ወተት እንዴት እንደዋጥኩት አላህ ያውቃል። እንዴት እንደሆነ እንዲነግሩኝ በኦሮምኛ ለመንኳቸው።

"ምን ልንገርሽ፣ ልጄ" አሉኝ። "ያየን ሰው ብዙ ነው። የጠየቀን የለም።"

ጭሮ ተመልሼ ለጋሽ ገረመው ደወልኩለት። አዲስ አበባ ነበር፤ ጤናውም ደህና አልነበረም። ነገሩን ሰምቶ "መጣሁ" አለ፣ መጣም። ከአውቶቡስ ሲወርድ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ሻይ ቤት እንደተቀመጥን ሥራውን ልለቅ እንደሆነ ነገርኩት።

"የጻፍሽው ውሸት ነበር?" አለኝ።

"አይደለም።"

"ጎብኚዎቹ ያላሉትን ጨመርሽ?"

"አልጨመርኩም።"

"እንግዲያው ስሚኝ። የእንግዳው ደስታ የሌላ ሰው ኑሮ ላይ ነበር ያረፈው። ያንን ሰው ሳንጠይቅ ግማሹን ጥናት ሙሉ ነው ብለን አቀረብን። 'አቀረብን' ነው ያልኩት፤ እኔም አንብቤዋለሁ። ሥራ መልቀቁን ተይና ግማሹን እንፈልግ።"

"መቼ እንሂድ?"

"እኔ አልሄድም" አለ። "ወንድ ነኝ፣ ባዳ ነኝ፣ ኦሮምኛዬም ከሰላምታ አያልፍም። እኔ ከሄድኩ እነሱ ዝም ይላሉ። አንቺ ሂጂ። መቅረጫውን እዚህ ተዪው።"

መሰላ አንዲት ዘመዴ ቤት አርፌ በየጠዋቱ ጀሪካን ይዤ ከሴቶቹ ጋር ገደሉን ወረድኩ። በመጀመሪያ ያናገረኝ የለም። ዳገቱ መሀል ላይ ወገቤን ይዤ ስቆም አንዷ፣ "የቢሮ ወገብ!" ብላ ሁሉም ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ነው ወሬ የጀመረው። ያን ጊዜ እኔም የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ጥናቱን የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ ስነግራቸው አንዲት ቀጭን ሙሽራ፣ "ታዲያ አሁን በደንብ ጻፊው" አለችኝ።

ምንጩ ለእነሱ ከውኃ በላይ ነበር። ሻሻቸውን የሚፈቱበት፣ እግራቸውን የሚታጠቡበት፣ ለሶላት ታጥበው ውዱ የሚያደርጉበት፣ ስለ ባልና ስለ አማት ያለ ሥጋት የሚያወሩበት፣ የወንድ ጆሮ የማይደርስበት ቦታ ነው። ካሜራው የመጣው እዚያ ላይ ነው። ሙሽራይቱ ፀጉሯን ፈትታ የተነሳችው ፎቶ ጭሮ ገበያ በሰው ስልክ ላይ ታይቶ ከባሏ ጋር ሊያፋታት ደርሶ ነበር። "እኔ ምን አጠፋሁ?" አለችኝ። "ውኃ ነው የቀዳሁት።"

ሁሉም አንድ ልብ አልነበሩም። ማር የምትሸጠው ሀዋ አንድ ቀን ጀሪካኗን አስቀምጣ ተቆጣች፦ "እኔ እንግዳው ይምጣ ነው የምለው! ልጆቼን የማስተምረው በማሬ ነው። እንግዳ ይቅር የምትሉ እናንተ ታስተምሩልኛላችሁ?" ስልክ ደውዬ ለጋሽ ገረመው ስነግረው ድምፁ ነቃ አለ። "ይቺን ሴት እንዳትጥያት" አለኝ። "መፍትሔው እሷ ጋ ነው።"

የሰማሁትን ከጻፍኩ በኋላ ሁሉንም አዴ ፋጡማ ቤት ሰብስቤ በኦሮምኛ አነበብኩላቸው። "ሴቶቹ በጎብኚዎቹ ተቆጡ" የሚለው ጋ ስደርስ አዴ ፋጡማ ከመደባቸው ቀና አሉ።

"'ተቆጡ' አትበይ" አሉኝ። "አልተቆጣንም። እንግዳ ላይ ማን ይቆጣል? 'አፈሩ' በይ።"

ሌሎቹም "ዱጋ ነው፣ እውነት ነው" አሉ። ሰርዤ "አፈሩ" ብዬ ጻፍኩ። ያች አንዲት ቃል የጥናቱን መልክ ለወጠችው። ቁጣ ቢሆን ኖሮ ማስታረቅ ነው። ሀፍረት ግን መሸፈኛ ነው የሚፈልገው። ያን ዕለት ምን እንደሚሻላቸው እዚያው ተማክረው ወሰኑ። ጠዋቱ እስከ ዙህር፣ እስከ ቀትሩ ሶላት፣ የሴቶቹ ይሁን። ከዚያ በኋላ ጎብኚው ይውረድ። ሰውን ሳይጠይቁ ፎቶ ማንሳት የለም። ከመንገዱ በላይ ባለው ጥላ ሥር እነ ሀዋ ማራቸውን ይዘው እንግዳውን ይቀበሉ።

ኦቦ አብዲ ቢሮ ስገባ እንደ ልማዱ፣ "ስንት ሴቶች ናቸው እንዲህ ያሉት?" አለኝ።

"ቁጥሩን በኋላ እነግርዎታለሁ፤ መጀመሪያ ላንብብልዎት" አልኩት። የአዴ ፋጡማን ቃል፣ የሙሽራይቱን ቃል፣ የሀዋንም ቁጣ እንዳለ አነበብኩለት። ሲያልቅ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"እናቴም ከምንጭ ነበር የምትቀዳው" አለ። "ማንም መጥቶ ፎቶ ቢያነሳት አባቴ ይገድለው ነበር።" ቁጥሩን ዳግመኛ አልጠየቀኝም። በማግሥቱ መሰላ ሄዶ መጀመሪያ አዴ ፋጡማን ይቅርታ ጠየቀ፣ ከዚያ የሚኒባሱን ሰዓት አስለወጠ።

ጎብኚው ይቀራል ብለን ፈርተን ነበር። አንዳንዱ በርግጥ ቅር አለው፤ አንድ ሰውዬ "ፎቶ ካላነሳሁ ምን አመጣኝ?" ብሎ ሳይወርድ ተመለሰ፤ እሱንም ጻፍኩት። አንዲት ነርስ ግን እንዲህ አለችኝ፦ "ስንደርስ ማር የምትሸጥ ሴት፣ 'ጠዋት የእኛ ነበር፣ አሁን የእናንተ ነው' አለችን። ስንወርድ ውኃው ብቻውን ነበር። ጫማዬን አውልቄ ነው የተቀመጥኩት። ተፈቅዶልኝ የገባሁበት ቦታ እሱ ብቻ ነው፤ ሌላው ቦታ ሁሉ ከፍዬ ነው የገባሁት።"

ከዚያ ወዲህ ጎብኚን ብቻ አጥንቼ አላውቅም። እንግዳውን ስጠይቅ አስተናጋጁንም፣ አላፊውን ስጠይቅ ነዋሪውንም እጠይቃለሁ። ሥራው እጥፍ ሆነ፣ ደስታውም።

አሁን ዘመኑ ሌላ ነው። በእኔ ቦታ የተተኩት ልጆች ጎብኚው በስልኩ የጻፈውን አስተያየትና የሰጠውን ኮከብ ከቢሮ ሳይወጡ ይሰበስባሉ። ጎበዞች ናቸው፤ እኔ በዓመት የማላገኘውን በአንድ ጠዋት ያገኛሉ። አንዷ ግን ባለፈው መጥታ፣ "እትዬ ሰዓዳ፣ ኮከቡ ለምን እንደቀነሰ አልገባኝም" ብትለኝ ከእሷ ጋር መናኸሪያ ወርደን ዋልን። ጋሽ ገረመው፣ አላህ ይመስገን፣ በሕይወት አለ። ጆሮው ደክሟል። ስደውልለት ልጁ የምለውን በጆሮው እየጮኸች ታስተላልፍለታለች፤ እሱም ከማዶ፣ "ቀስ ብላ ትንገረኝ፣ ከመጀመሪያው" ሲል እሰማዋለሁ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ልሰናበታቸው መሰላ ሄድኩ። ከመኪና የወረድኩት ዙህር ካለፈ በኋላ ነበር፤ እንደ ጎብኚው ሁሉ በሰዓቴ ልውረድ ብዬ። አዴ ፋጡማ በከዘራ እየሄዱ ጥላው ድረስ መጥተው ተቀበሉኝ። እጃቸውን ስሜ ወደ ምንጩ መንገድ ስጀምር በከዘራቸው አገዱኝ።

"የት ነው?"

"ቡርቃውን ልየው ብዬ ነው። ሰዓቱ የእንግዳ ነው።"

"የእንግዳ ነዋ!" አሉኝ ኮስተር ብለው። "አንቺ ምን አገባሽ? እኔ ቤት እደሪና ጠዋት ነይ።"

አደርኩ። ጠዋት ጀሪካን ሰጡኝና ከሴቶቹ ጋር ወረድኩ። ያች ቀጭን ሙሽራ አሁን የልጆች እናት ሆናለች፤ ከአጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ። ሻሼን ፈታሁ፣ እግሬን ውኃው ውስጥ ነከርኩ። ብዙ ተወራ፣ ብዙም ተሳቀ። እኔም እንደ ሴቶቹ ሁሉ የልቤን አወራሁ። ምን እንደተባባልን ግን አልጽፍም።